የሰባት ቁጥር ከረጢት

ሚልካ ከሮተርዳም በተመለሰችበት ሰሞን፣ በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ያለው ግቢያቸው ቆሻሻ የሚጥለው እንደ ድሮው ነበር። ሰው ሁሉ በጥቁር ላስቲክ አጥብቆ ይቋጥርና ከዋናው በር አጠገብ ባለችው የብሎኬት ክፍል ውስጥ ይወረውረዋል። መኪናው ከመጣ ይጫናል፤ ካልመጣ ይሸታል። በግቢው አፓርታማዎች የሚኖሩት ከጥቂቶቹ በቀር የአንድ ወንጌላዊ ኅብረት አባላት የሆኑ ሐበሾች ስለሆኑ፣ መኪናው ሲዘገይ ትጸልዩበታላችሁ እንጂ ስልክ የሚደውል የለም እያለች እናቷን ታበሽቃት ነበር።

"ታዲያ አንቺ ደውይላቸዋ" አለቻት እናቷ ዓይናለም። "የተማርሽው ይኼንኑ አይደል?"

እውነቷን ነው። ሚልካ የተማረችው ስለ ቆሻሻ ነበር። እናቷ ግን ለሰው ስትናገር "የአካባቢ ሳይንስ" ትለዋለች። ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰች ሄዳ፣ ተምራ፣ ጥቂት ሠርታ፣ ሥራው ይሰልቻት ወይ እሷ ሥራውን ትሰልቸው ሳታጣራ ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላም ለምን እንደተመለሰች ሰው ሲጠይቃት በየቀኑ ሌላ መልስ ትሰጣለች። ጠዋት ስትነሳ ልቧ ተነሺ፣ ሂጂ ይላታል፤ ወዴት እንደሆነ ግን አይነግራትም። ስለዚህ የግቢው ኮሚቴ ለቆሻሻው አንድ መላ እንድትፈልግ ሲለምናት፣ ከለመኗት በላይ ሠራች።

ኢስትሊ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ ፕላስቲክና ካርቶን የሚረከቡ ሰዎች አገኘች። የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ከሕንፃው ኋላ ባስቆፈረችው ጉድጓድ እየተቀበረ ብስባሽ እንዲሆን አደረገች። ተረካቢዎቹ የተደባለቀ ነገር አንነካም ስላሉ፣ ጥቁሩ ላስቲክ ቀርቶ ውስጡን የሚያሳይ ከረጢት እንዲሆን፣ ማን እንደተሳሳተ ለይቶ ለማስረዳትም በላዩ የቤቱ ቁጥር እንዲጻፍበት ወሰነች።

እናቷ አዲሱን ከረጢት አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ጣቶቿ በወዲያ በኩል ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ ገመና ነው።"

"ቆሻሻ ነው እማዬ።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚልካ ሳቅ ነበሩ። ሴቶቹ ቆሻሻቸውን ማጠብ ጀመሩ። የቲማቲም ጣሳው እንደ ብርጭቆ ተወልውሎ ይወጣል፤ የሕፃን ዳይፐር እንደ ስጦታ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይወጣል። የኅብረቱ ሽማግሌ ጋሽ ስምዖን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን አንድ የሚንኳኳ ካርቶን መኪናቸው ውስጥ ጭነው መሃል ከተማ ወዳለው ቢሮአቸው መሄድ አመጡ። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላቸው ጠርሙሶቹ ይንኳኳሉ፤ እሳቸውም የመኪናውን መዝሙር ከፍ ያደርጉታል።

አንድ ነገር ግን አይታ አላሰበችበትም። ሴቶቹ ከረጢታቸውን ሲያስቀምጡ ቁጥሩን ወደ ግድግዳው ያዞሩታል። ሁለት ሴቶች በብሎኬቷ ክፍል በር ላይ ከተገናኙ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ስለ ልጆች፣ ስለ መኖሪያ ወረቀት፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ያወራሉ እንጂ አንዷ የሌላዋን እጅ አታይም። ይህን ማንም ተነጋግሮ አልወሰነም። ሚልካ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ቁጥራቸው እንዲታይ መልሳ ታዞራቸዋለች።

ሰባት ቁጥር የእትዬ ሠናይት ቤት ነው። ባሏ ጋሽ ዘካርያስ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የትራንስፖርት ኃላፊ ነበሩ። ድርጅቱ ገንዘብ ተቋርጦበት ከተዘጋ ወዲህ ኮንሰልታንት ሆነዋል ይባላል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሚልካ ራሷ ትንሽ ልጅ እያለች፣ እናቷ ሥራ ስታመሽ ሹሩባዋን የምትሠራትና ራቷን የምታበላት እትዬ ሠናይት ነበረች።

የሰባት ቁጥር ከረጢት ከሁሉም ያንሳል። መጀመሪያ ረስተው ግማሹን ያላወጡት መስሏት ነበር። በሚቀጥለውም ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ ያው ሆነ። በሥርዓት የታጠፈ የወተት ፓኬት፣ የሻይ ቅጠል፣ የሳሙና መጠቅለያ። ከሻይ ቅጠሉ በቀር ለጉድጓዱ የሚሆን ነገር የለውም። ደረቅ ነው፤ አይሸትም። ሚልካ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ስታየው፣ ከተመለሰች ወዲህ ያልተሰማት ደስታ ተሰማት። በየስብሰባው የምትለፈልፈውን ነገር አንድ ቤት ከልቡ ሰምቷታል። ያ ሂጂ ሂጂ የሚላት ልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

እሁድ ከአምልኮ መልስ መኪና ማቆሚያው ላይ ወንበር ተደርድሮ የግቢው ስብሰባ ሆነ። ሚልካ ሁለት ከረጢት ይዛ ወጣች። ወፍራሙን አንስታ የእናቷ መሆኑን ተናገረች፤ ሰው ሳቀ። እናቷ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ እኔን ለማዋረድ ነው ባሕር ያቋረጥሽው አለቻትና ሳቁ በረታ። ሚልካ ይህን ሳቅ ወደደችው። ቀጥላ ትንሹን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ የፀሐይ ብርሃን በውስጡ አለፈ።

"ይኼ የሰባት ቁጥር ነው። የሳምንት ነው፤ የአንድ ቀን እንዳይመስላችሁ። ምንም አይባክንም፣ ምንም አይጣልም። ሁላችንም እንደ እትዬ ሠናይት ብንኖር ይኼ ግቢ ቆሻሻ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።"

ሳቁ ቆመ። አንድ ሰው ለማጨብጨብ እጁን አንስቶ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ጋሽ ዘካርያስ ከረባታቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ የተስተካከለውን ደጋግመው አስተካከሉት። እትዬ ሠናይት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ፊቷ ምንም አልተለወጠም።

"ተባረኪ ሚልኪዬ" አለች።

ሚልካ ገና የምትናገረው ነበራት፤ ጋሽ ስምዖን ግን ብድግ ብለው በጸሎት እንዝጋ አሉ። ሌላ ጊዜ ከጸሎቱ በኋላ ሰው ወንበሩን ገጥሞ እየተጫወተ ይቆያል። በዚያን ቀን ግን ሁሉም የሚቸኩልበት ነገር ተገኘለት። ሚልካ ሁለቱን ከረጢቶች እንደያዘች ባዶ ወንበሮች መሃል ቀረች።

ቤት ስትገባ እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ሳታወልቅ አገኘቻት። ሚልካ ምን እንዳጠፋች ጠየቀች። እናቷ፣ ሂጂና ሁለቱን ከረጢቶች አስተያዪ አለቻት። ሚልካ አስተያየች፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከመሆኑ በቀር የታያት ነገር አልነበረም።

"ሽንኩርት የለበትም" አለች እናቷ።

"ምን?"

"የሽንኩርት ልጣጭ። አንድም የለበትም። ወጥ የሚሠራ ሐበሻ ቤት ሳምንት ሙሉ አንድ የሽንኩርት ልጣጭ ሳያወጣ ይከርማል? ሁለት ልጅ ያለበት ቤት? ሻይ ነው የሚጠጡት ሚልካ። ሻይ በወተት፤ ወተቱም አንድ ፓኬት ነው።"

ሚልካ ወደ በሩ ሄደች። እናቷ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀቻት፤ ሰባት ቁጥር ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለች።

"ሄደሽ ምን ልትያት ነው? መራባችሁን አላወቅሁም ነበር ልትያት?"

ሚልካ እጀታውን ለቀቀችው። ታውቂ ነበር ወይ አለቻት። እናቷ ጫማዋን እያወለቀች፣ ማወቅና ማየት አንድ አይደለም አለች። ሁሉም ሴት ትጠረጥር ነበር፤ ግን ማንም አላየም፤ ስላላየም አንድ ሳህን ምስር፣ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ቅመሺልኝ ብሎ መላክ ይቻል ነበር። እሷ ራሷ ባለፈው ሳምንት ልካላታለች፤ ከዚያ በፊት ጎረቤቷ ልካላታለች።

"ዛሬ ግን ሁላችንም አየን። ከእንግዲህ የምንልክላት ሁሉ ምጽዋት ነው፤ ሠናይት ደግሞ ምጽዋት አትቀበልም። በሩን ዘጋሽባት።"

በዚያ ሳምንት ሚልካ ደረጃውን የምትወጣው የሰው ኮቴ አለመኖሩን አዳምጣ ነበር። ጋሽ ዘካርያስን አንድ ጊዜ በር ላይ አገኘቻቸው። እሳቸው ቀድመው እንደምን አደርሽ አሏት፤ እሷ መሬት መሬት አየች። ከረጢቱን እንደገና ጥቁር ላድርገው ብላ አሰበችና፣ አሁን ብታደርገው ለምን እንደሆነ ግቢው ሁሉ እንደሚያውቅ ገባት። የምታስበው መላ ሁሉ መልሶ ያንኑ ቤት ያሳያል።

ቅዳሜ ጠዋት ብሎኬቷ ክፍል ስትደርስ የሰባት ቁጥር ከረጢት ሞልቶ አገኘችው። ቁጥሩ ወደ ግድግዳ አልዞረም፤ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት፣ የጎመን ዘንግ። ሚልካ ደረቷ ቀለላት። ጋሽ ዘካርያስ ክፍያ አግኝተው ይሆናል፤ ወይ ዘመድ ልኮላቸው ይሆናል። እግዚአብሔርን አመሰገነች። እናቷ ከረጢቱን ባየች ጊዜ ግን ምንም አላለችም፤ አልፋ ሄደች።

በማግስቱ ስብሰባ ስላልነበረ ሳምንቱ በጸጥታ አለፈ። ሐሙስ ዕለት ሚልካ ወደ ኢስትሊ ሄደች። እዚያ ኢንሳፍ የምትባል የሐረር ልጅ ምግብ ቤት አላት፤ ሚልካ የእሷንም ቆሻሻ የማስለየት ሥራ ጀምራ ነበር፤ ይህንንም በግቢው ስብሰባ ላይ አውርታ ነበር። ኢንሳፍ ለሁለት ሰው የሚበቃ ወሬ አላት። የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጣላት ሳትጨርስ፣ አንቺ ካስተማርሽኝ ወዲህ ልጣጬም ደንበኛ አገኘ ብላ ሳቀች። ከሳውዝ ሲ የምትመጣ አንዲት ጨዋ ሴትዮ ለዶሮዎቼ ነው እያለች ትወስዳለች።

"አፓርታማ ውስጥ ዶሮ! እኔ ምን ቸገረኝ፤ ሰው ልጣጭ ሲጠይቅ ለምን ይባላል እንዴ? ምሳ ብዪ ብላት ግን እምቢ አለች። አሁን ከምሳ መነሳቴ ነው አለችኝ። አሁንም ከጓሮ አለችልሽ።"

ሚልካ ሳታስበው ተነስታ በወጥ ቤቱ በር በኩል አየች። እትዬ ሠናይት ከልጣጩ ክምር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች። ዝም ብላ አታፍስም፤ ትመርጣለች። የሽንኩርቱን ልጣጭ በርከት አድርጋ ትወስዳለች፤ ከድንቹ ትንሽ፤ ከካሮቱ ከዚያም ያነሰ። የምግብ ቤት የሚመስለውን ትልቁን የጎመን ጉቶ አንስታ አየችውና መለሰችው። አራት ሰው ያለበት ቤት በሳምንት የሚያወጣውን እያሰበች ነበር የምትሞላው። ቀና ስትል ሚልካን አየቻት። አልደነገጠችም። የላስቲክ ዘንቢሏን ክዳን ዘጋች፤ እጇን ውኃ አስነክታ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀች።

ሚልካ ለኢንሳፍ ያልተያያዘ ነገር ተናግራ ወጣችና የመጀመሪያውን ማታቱ፣ የከተማውን ሚኒባስ፣ ተሳፈረች። ማታቱው ግን እስኪሞላ አይነሳም። ሰው አንድ በአንድ ገባ፤ በመጨረሻ ባዶ የቀረው ከሚልካ አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ሆነ። እትዬ ሠናይት ገብታ እዚያው ተቀመጠች፤ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አደረገች። ሽታው ወዲያው ወጣ። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ በስዋሂሊ ምንድን ነው የያዝሽው ማማ አላት። "ኪቱንጉ" አለችው፤ ሽንኩርት ነው። ሳቀና በሩን ዘጋ።

ሙዚቃው ወንበሩን ያንቀጠቅጣል። ሚልካ በተማረችበት አገር ሰው ሲያጠፋ ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው ብላ ታምን ነበር። አሁንም ታምን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም።

"እትዬ ሠናይት፣ እኔ በዚያ ቀን..."

"ተይው" አለች ሠናይት ወደ ፊት እያየች። ቀጥላም እሁድ ስብሰባ አለ አይደል ብላ ጠየቀች። ሚልካ አለ አለቻት።

"ተቆጪኝ።"

ሚልካ በሙዚቃው መሃል ያልሰማች መስሏት ጠጋ አለች።

"በሰው ፊት ተቆጪኝ። ሰባት ቁጥር ቆሻሻ አበዛ በይ። ስታመሰግኚኝ ከፍ አድርገሽ ነው፤ ስትቆጪኝም ከፍ አድርገሽ ይሁን።"

ሚልካ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ግን እዚያ ላይ ማቆም አልቻለችም፤ ልጆቹስ ምን ይበላሉ ብላ ጠየቀች።

"እሱን አልጠየቅሁሽም" አለች ሠናይት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ መሃል ከተማ እስኪደርሱም አልመለሰችውም። ሲወርዱ ሚልካ ዘንቢሉን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች። ሠናይት ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው።

ሚልካ ይህን ለእናቷ አልነገረቻትም። ማታ ራት ቀርቦ ሽንኩርቱ ወጡ ላይ ሲታያት መዋጥ አቃታት፤ ራስ ምታት ነው ብላ ተኛች። መዋሸት አትወድም ነበር። ውሸቱ ደግሞ ማንንም አያጠግብም። እምቢ ልበላት ብላ አሰበች፤ ግን እምቢ የምትለው ለእውነት ብላ ይሁን ለራሷ ንጽሕና መለየት አልቻለችም።

እሁድ ሆነ። ሚልካ ምንም ሳትይዝ ተነሳች፤ እጇን የምታደርግበት አጣች። ስለ ካርቶኑና ስለ ፕላስቲኩ ትንሽ ከተናገረች በኋላ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"ሰባት ቁጥርን ባለፈው ያመሰገንኩት ተቻኩዬ ነው። አሁን ግን ልጣጩ በዛ። ጉድጓዱን የምትሞላው እሷ ናት። እትዬ ሠናይት፣ እንዲህ ከሆነ አንችልም።"

ጋሽ ዘካርያስ ሚስታቸውን አዩ። ልጣጩ ከየት እንደመጣ የማያውቁ መሆናቸው ፊታቸው ላይ ተጻፈ፤ ከዚያ ሲገባቸውም ታየ። ሚልካ አሁንም ያበላሸች መሰላት።

"እንግዳ በዝቶባት ነዋ!" አለች እናቷ ዓይናለም። ከወንበሯ ወደ ኋላ ዞራ ለሴቶቹ ነበር የምትናገረው። "የዘካርያስ ዘመዶች ከአዲስ አበባ መጥተው የለ እንዴ። ይኼ የኔ ልጅ ቆሻሻ ትቆጥራለች እንጂ ሰው አታይም።"

ሰባት ቁጥር ውስጥ ምንም እንግዳ አልነበረም። ግቢው ትንሽ ነው፤ እንግዳ ቢመጣ ሻንጣው ደረጃ ሳይጨርስ ይታወቃል።

"እውነት ነው" አሉ ጋሽ ስምዖን። "ደረጃው ላይ ሰላም ብያቸዋለሁ።"

አንዷ ሴት ረጃጅሞች ናቸው አለች። ሌላዋ፣ ረጅም ሰው ደግሞ ሲበላ ለጉድ ነው አለችና ሳቅ ሆነ። እትዬ ሠናይት ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ምን ላድርግ፣ የመጣን እንግዳ ሂድ አይባል" አለች።

"አይባልም" አለች ዓይናለም። "ግን እንግዳ የበዛበት ቤት ብቻውን አይተውም። እኛስ ምን ሆነን ነው ቆመን የምናየው?"

ወዲያው ሴቶቹ ተከፋፈሉት። አንዷ ዱቄት አለች፣ አንዷ ዘይት፣ አንዷ ምስርና ሽሮ። ጋሽ ስምዖን የልጆቹን የትምህርት ቤት መመላለሻ ለጊዜው በእሳቸው መኪና እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ፤ እንግዳ ባለበት ቤት ጠዋት ጠዋት ጥድፊያ ነው አሉ። ማንም የማንንም ዓይን አላየም። ጋሽ ዘካርያስ እስከዚያ አልተናገሩም ነበር። ሁሉም ሲጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉ። "እንግዶቹ... ትንሽ ይቆያሉ መሰለኝ።"

"ይቆዩ" አሉ ብዙ ድምፆች።

ሚልካ አሁንም ቆማ ነበር። ከተሰበሰበው ሰው ውስጥ ምን ማለት እንዳለበት አስቀድሞ የተነገረው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። ተቀመጪ እስኪሏት ጠበቀች፤ የሚላት ስላጣች ራሷ ተቀመጠች።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ እናቷ ሽንኩርትና ድንች በዘንቢል ሞልታ፣ አድርሺ አለቻት። ሚልካ አንቺ ብትወስጂው አይሻልም ወይ አለች። እናቷ መልስ ሳትሰጣት ዘንቢሉን እጇ ላይ አንጠለጠለችው።

ሰባት ቁጥር በር ላይ የሌሎቹ ዕቃ ቀድሞ መድረሱ ያስታውቃል፤ ዘይት ሲግል ይሰማል። አንኳኳች። እትዬ ሠናይት ከፈተች። ሽርጥ ታጥቃለች። ከኋላዋ ሳሎኑ ይታያል፤ ጠረጴዛው ላይ ልጆቹ ደብተራቸውን ዘርግተዋል፣ ጋሽ ዘካርያስ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ምስር ይለቅማሉ። ሌላ ሰው የለም። ሠናይት ዘንቢሉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

"እናትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት።"

ሚልካ እሺ አለች። ግን አልሄደችም። በዚያ ግቢ ውስጥ ዕቃ ያደረሰ ሰው ግባ፣ ቁጭ በል ሳይባል ከበር አይመለስም፤ እሷም በዚህ ቤት ከበር የተመለሰችበትን ቀን አታስታውስም። ሠናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሚልካ ቁጣ ቢኖር ትመርጥ ነበር።

"እንግዶች አሉብኝ" አለቻት፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።